መስከረም ጠባ፤ ሳይክላችሁን አውጡ!

ለብስክሌት የሚመች ወር ቢፈለግ ከመስከረም የሚቀድም የለም። ሰማዩ ታጥቦ ጠርቷል። አቧራው ገና አልተነሣም። ፀሐይዋ ታሞቃለች እንጂ አታቃጥልም። ከአዲስ አበባ ወጣ ሲሉ የሱሉልታ ሜዳ ለምልሞ፣ የመንገዱ ዳር አደይ አበባ ለብሶ፣ ከብቱ ለምለም ሣር እየጋጠ ይታያል። ሐምሌና ነሐሴ ቤት ያዋሉን ዝናብና ጭቃ ወደ ኋላ ቀርተዋል። ግድግዳ ተደግፎ የከረመው ሳይክል ግን በብዙዎቻችን ቤት ዛሬም ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ጎማው ተንፍሷል፤ ኮርቻው አቧራ ጠጥቷል፤ ካቴናው ዝገት ጀምሮታል።

አውጡት! ስታወጡት ደግሞ ብቻችሁን አትሁኑ። አንድ ሁለት ጓደኛ ጥሩና የዓመቱን የመጀመሪያ ኪሎ ሜትሮች አብራችሁ ንዱ።

ብዙዎቻችን የወቅቱን መጀመሪያ ቶሎ እንዲያልፍ የምንመኘው ጊዜ አድርገነዋል። «መጀመሪያ ለብቻዬ ልለማመድ፤ ጉልበቴ ሲመለስ ከሰው ጋር እወጣለሁ» እንላለን። እንዲህ ስንል ጥቅምት ይገባል፣ ኅዳር ይከተላል፣ ሳይክሉም እዚያው ግድግዳው ሥር ይቀራል። እኔ የማምነው ግን ተቃራኒውን ነው። ከጓደኛ ጋር ለመንዳት ከሁሉም የተሻለው ጊዜ ሁላችንም ከዕረፍት የምንነሣበት ይህ ሰሞን ነው። ሰውነትም ወዳጅነትም የሚፈልጉትን የሚያገኙት አሁን ነው። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ ላስረዳችሁ።

ሁሉም እኩል የሚሆንበት ሰሞን

በግንቦት አብሮ መንዳት ሌላ ነው። ያኔ የጠነከረው ጠንክሯል፤ ያልጠነከረው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ዳገት ላይ ሁለቱ አይተያዩም። በመስከረም ግን ክረምቱ ሁላችንንም አስተካክሎናል። ባለፈው ዓመት የእንጦጦን ዳገት እየዘፈነ ይወጣ የነበረው ጎበዝ ዛሬ ትንሿ አቀበት ላይ ከጎናችሁ ሆኖ ያለከልካል። «እስቲ ቀስ እንበል» ለማለት ማንም አያፍርም፤ ሁሉም በልቡ ያሰበው ይህንኑ ነውና። መጠባበቅ የሚያስጨንቅ ውለታ መሆኑ ቀርቶ የሁሉም ፍላጎት ይሆናል።

ስለዚህ አዲስ ሰው ለማምጣትም ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ለዓመታት «እኔ እኮ አልችልም» ሲል የኖረው የሥራ ባልደረባችሁ፣ በልጅነቷ በሰዓት ኪራይ ሳይክል ሜዳ ላይ ተምራ ከዚያ ወዲህ ያልነካችው እህታችሁ፣ ጡረታ ወጥተው ጠዋት ጠዋት በእግራቸው የሚዘዋወሩት ጎረቤታችሁ፣ ሁሉም በመስከረም ቡድን ውስጥ ቦታ አላቸው። በዚህ ሰሞን የጀመረ ሰው ወቅቱ ሲገፋ ከቡድኑ ጋር እኩል ያድጋል። በጥር ልቀላቀል ቢል ግን ሌሎቹ ርቀው ስለሚጠብቁት ይከብደዋል።

ሌላም መልካም ዜና አለ። ሰውነታችን ቶሎ ይረሳል፤ ሲቀሰቅሱት ግን ቶሎ ያስታውሳል። ለሳምንታት እንቅስቃሴ ስናቆም መጀመሪያ ከሚቀንሱት ነገሮች አንዱ በደማችን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ሲቀንስ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ያንሳል፤ ያንኑ የምናውቀውን ዳገት ለመውጣትም ብዙ ጊዜ መምታት ይኖርባታል። በመጀመሪያው ቀን እንደዚያ የምናለከልከው ለዚህ ነው። ይህ ፈሳሽ ግን ከሁሉም ቀድሞ የሚመለሰውም ነው፤ ማዘውተር በጀመርን በአንድና ሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጡ ይሰማናል። ባለፈው እሁድ ያስቆማችሁ ዳገት በሚቀጥለው ወይም በዚያኛው እሁድ ሳያስቆማችሁ ታልፉታላችሁ። ዓመቱን ሙሉ ብትነዱ እንደ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሻሻላችሁን በግልጽ የምታዩበት ጊዜ አታገኙም። ታዲያ እንዲህ ያለውን ደስታ ለብቻ መቅመስ ለምን? ጓደኛችሁ ከጎናችሁ ሆኖ «አየህ! ዛሬ እኮ አላቆምንም!» ሲላችሁ ደስታው እጥፍ ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ልብና ሳንባ ቶሎ ሲመለሱ ጅማትና መገጣጠሚያ ዘግየት ይላሉ። በሁለተኛው ሳምንት «አሁንማ በርትቻለሁ» ብሎ ርቀቱን በአንዴ እጥፍ የሚያደርግ ሰው ጉልበቱን ያመዋል። ቀስ ብሎ መጨመር ነው ብልሃቱ። በቡድን መንዳት ለዚህም ይረዳል፤ አንዱ ሲቸኩል ሌላው ይገታዋል።

ፍጥነታችሁን ወሬው ይለካ

የዘመኑ ሳይክለኛ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት፣ ፍጥነት የሚመዘግብ ስልክ አለው። ጥሩ ነው። በወቅቱ መጀመሪያ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥ መለኪያ በነጻ አላችሁ፤ እሱም ጨዋታችሁ ነው።

የረጅም ርቀት ጽናት የሚገነባው ብዙውን ጊዜ በዝግታ በሚነዱ ረጃጅም ሰዓታት ነው። ጡንቻ ኦክስጅንን በደንብ መጠቀም፣ ስብን አቃጥሎ ኃይል ማውጣት የሚለማመደው ሳይጨነቅ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ነው። የዚህ ዝግታ ልክ ምን ያህል ነው ቢሉ መልሱ ቀላል ነው፦ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገራችሁ መጫወት ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። ጓደኛችሁ ጠይቃችሁት በ«እ!» እና በ«አይ!» ብቻ የሚመልስ ከሆነ ፈጥናችኋል ማለት ነው፤ ማርሽ ቀይሩና ቀለል አድርጉት።

ደጋ ላይ ለምንኖር ይህ መለኪያ ይበልጥ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ እዚህ የምንስበው አየር በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያቀብለን ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ትንሽ ከፈጠንን ትንፋሻችን ወዲያው ያሳብቅብናል። ወሬው ሲቆራረጥ ምልክቱን ስሙ፤ ያን ያህል ቀላል ነው።

ወሬውም ራሱ ከመለኪያነት በላይ ነው! ካፌ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሳንናገር የምንውለው ነገር ጎን ለጎን ስንነዳ ከአፋችን ይወጣል። ዐይናችን መንገዱ ላይ ነው፤ እግራችን ሥራ ይዟል፤ ስልካችን ኪስ ውስጥ ነው። ማንም ፊታችንን አያነብም። «ሥራ ልቀይር ነው» የሚለውን፣ «እናቴ ታማብኛለች»ን፣ «ላገባ አስቤያለሁ»ን ጓደኞቼ መጀመሪያ የነገሩኝ ሳይክል ላይ ሆነን ነው። የሚያጽናና ቃል ያጣ ሰውም ዝም ብሎ አብሮ ይነዳል፤ ዝምታው አያስጨንቅም። ክረምቱን ሙሉ በስልክ ብቻ «እንዴት ነህ? ደህና ነኝ» ሲባባሉ የከረሙ ወዳጆች በአንድ እሁድ ጠዋት የሁለት ወር ሆዳቸውን ያራግፋሉ። ጤናችንን ፍለጋ ወጥተን ወዳጃችንን ይዘን እንመለሳለን።

ነፋሱን በወንፈል

ሜዳ ላይ የሚነዳ ሰው ትልቁ ተቃዋሚው ነፋስ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ሲደርስ አብዛኛው ጉልበቱ የሚጠፋው አየሩን ለመሰንጠቅ ነው። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ከፍጥነቱ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከፊቱ ሌላ ሳይክለኛ ሲኖር ግን ነገሩ ይለወጣል። የፊተኛው አየሩን ሲከፍተው የኋለኛው በተከፈተው መንገድ ይገባል፤ ከጉልበቱም ከሩብ እስከ ሲሶ የሚደርስ ያተርፋል። የሚገርመው ደግሞ ከፊት ያለውም ጥቂት ይጠቀማል። ከጀርባው የሚሽከረከረውን አየር ተከታዩ ስለሚሞላለት ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል ይቀንስለታል። ሁለት ሰዎች ተከታትለው ሲነዱ አንዳቸውም አይከስሩም።

ገጠር ያደገ ሰው ይህን አሠራር ወዲያው ያውቀዋል፤ ወንፈል ነው። ዛሬ የአንተን ማሳ እናርማለን፤ ነገ የእኔን፤ ከነገ ወዲያ የሷን። ማንም ቀጣሪ፣ ማንም ተቀጣሪ የለም። ሳይክለኞችም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ጥቂት ደቂቃ ከፊት ሆኖ ነፋሱን ይቀበላል፤ ሲደክመው ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ሌላውን ያሳልፍና ከኋላ ገብቶ ያርፋል። ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያም ቀጣዩ። ጉልበት ያለው ተራውን ረዘም ያደርጋል፤ የደከመው ያሳጥራል፤ በጣም የደከመው ጨርሶ ላይወጣ ይችላል፤ ማንም አይቆጥርበትም። በሚቀጥለው ሳምንት ተራው ይገለበጣል፤ ዛሬ የተሸከመው ነገ ይሸከሙታል።

ይህን አንዴ በሰውነታችሁ የቀመሳችሁት እንደሆነ ሕይወታችሁ ውስጥ ሁሉ መፈለግ ትጀምራላችሁ። እስቲ ቤታችሁን አስቡ፤ ሁልጊዜ ከፊት ሆና ነፋሱን የምትቀበለው ማን ናት? ሥራ ቦታችሁን አስቡ፤ ማረፍ እያለበት ተራ የሚለቅለት ያጣ ማን ነው? በእድሩ፣ በማኅበሩ፣ በቤተ ዘመዱ መካከል «ወንድሜ፣ አሁን አንተ ከኋላ ግባ፤ እኔ ልያዘው» የሚል ሰው መሆን ትልቅ ሰውነት ነው። ራስ ደክሞ ሳለ «ያዙልኝ» ማለትም ያንኑ ያህል ትልቅ ነው። ሳይክል ሁለቱንም ያስተምራል፤ የሚያስተምረውም በስብከት ሳይሆን በእግር ነው።

ከፊታችን የነዱ

ይህ ስፖርት ለእኛ የሰው አገር እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው በሜልቦርን፣ በ1949 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነበር። ያን ጊዜ ባንዲራዋን ይዘው ከሄዱት ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩበት፤ አንዱ ገረመው ደንቦባ ነው። ገረመው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ባስደነቀበት በሮም ኦሊምፒክም ተወዳድሯል። ስለዚያ ዘመን ሲነሣ ሩጫው ብቻ ቢነገርም፣ ጎማው ከእግሩ እኩል ነበር የተጓዘው።

ከዚያ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በሐምሌ 2008 ዓ.ም.፣ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ጽጋቡ በታላላቅ ዓለም አቀፍ ቡድኖች ውስጥ ለዓመታት ሲነዳ ከነበሩት ሥራዎቹ ትልቁ ለቡድኑ መሪዎች መሥራት ነበር። በዚህ ስፖርት ውስጥ ረዳት የሚባለው ሰው ነፋሱን ይቀበላል፤ ከቡድኑ መኪና ውኃ ተሸክሞ ለጓደኞቹ ያደርሳል፤ መሪው ወደ ኋላ ሲቀር መልሶ ያመጣዋል። መድረክ ላይ የሚቆመው አንድ ቢሆንም ድሉ የሁሉም መሆኑን ሙያውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ጎረቤታችን ኤርትራ ያፈራችው ቢንያም ግርማይም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዚሁ ውድድር ሦስት ዙር አሸንፎ፣ የነጥብ መሪውን አረንጓዴ ማሊያ ለብሶ ሲያጠናቅቅ ምሥራቅ አፍሪካ በሙሉ በደስታ ዘሏል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በሩዋንዳዋ ኪጋሊ ተካሄደ። የእኛው ዓይነት ዳገት፣ መንገድ ዳር ቆሞ የሚጮህ የእኛው ዓይነት ሕዝብ!

እኛ ለሜዳልያ አንነዳም። ነገር ግን እሁድ ጠዋት ለደከመ ጓደኛችን ከፊት ወጥተን ነፋሱን ስንይዝለት የምንሠራው እነዚያ ሰዎች የሚሠሩትን ያንኑ ሥራ ነው። ልጆች መንገድ ዳር ወጥተው «አይዞህ! በርታ! በርቺ!» ሲሉን ቀና ብለን ብንነዳ ተገቢ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት

ደስታው እንዳይበላሽ ሳይክሉ ቅዳሜ ከሰዓት ይታይ። አብራችሁ ብታደርጉት ደግሞ ሥራው ራሱ ጨዋታ ይሆናል። የሁሉም ሳይክል አንድ ግቢ ይሰብሰብ፤ ቡና ይፈላ፤ አንዱ ያጥባል፣ ሌላው ይቀባል።

ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ ወልውሉትና ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉበት፤ ከዚያ ትርፉን ጥረጉት። ወፍራም ግሪስ አቧራ ይሰበስባልና አይሆንም። ጎማውን ነፍታችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ተንፍሶ ካገኛችሁት ካላማዳሪያው ቀዳዳ አለው፤ የሰፈራችሁ ጎሚስታ ይጨርስላችኋል። የጎማው ጎን ተሰነጣጥቆ እንደሆነ እዩ፤ ለወራት ተንፍሶ የቆመ ጎማ ይሰነጠቃል። ፍሬኑን ያዝ አድርጉና ሳይክሉን ግፉት፤ ከተንቀሳቀሰ ይጥበቅ። መሪው፣ ኮርቻውና ፔዳሉ እንዳይላሉ በቁልፍ ሞክሯቸው። ቢያንስ አንዳችሁ መንፊያ፣ ትርፍ ካላማዳሪያና ቁልፍ ይያዝ። ሄልሜት ሁሉም ያድርግ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ደማቅ ልብስም ልበሱ፤ ሾፌር ከሩቅ ይያችሁ።

መንገዱም ከክረምቱ ገና አላገገመም። ጎርፍ ያወረደው ጠጠርና አሸዋ ኩርባ ላይ ተከምሯል፤ የአስፋልቱ ጠርዝ ተበልቷል፤ ውኃ የቋጠረው ቦታ ሥር ጥልቅ ጉድጓድ ሊኖር ይችላል። ከፊት የሚነዳው የሁሉም ዐይን ነውና «ጉድጓድ!»፣ «ጠጠር!»፣ «ቀስ!» እያለ ይጩህ፤ በእጁም ያመልክት። ከኋላ ያለው ደግሞ «መኪና!» ይበል። ጎን ለጎን መጫወት ጸጥ ላለ መንገድ ነው፤ ሚኒባስና አይሱዙ በሚበዛበት ቦታ ተከታትላችሁ በአንድ መስመር ንዱ። ማንም ሳይናገር ድንገት ፍሬን አይያዝ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ብትነሡ መንገዱ ገና ባዶ ነው፤ ብርዱ ግን አይሏልና ስስ ጃኬት ያዙ። የመስከረም ካፊያ አንዳንዴ ስለሚመለስ ለሱም ይሆናችኋል።

ምን እንብላ ለሚል ሰው አያቶቻችን መልሱን አዘጋጅተውልናል። በሶ በውኃ ተበጥብጦ ጥቂት ስኳር ወይም ማር ሲጨመርበት ለመንገደኛ የተሠራ ምግብ ነው፤ ሆድ ሳይከብድ ጉልበት ይሰጣል። ሙዝ ኪስ ውስጥ ይገባል። ቆሎ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ለመካፈል ይመቻል፤ እረፍት ላይ ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው ይንቆረቆራል። ሁሉም የጾም ስለሆኑ በረቡዕም በዓርብም፣ በጽጌ ጾምም ማንንም አያስቀሩም። ወርቃማው ደንብ ግን ሳይጠማ መጠጣት፣ ሳይራብ መቅመስ ነው።

ወዴት እንሂድ?

በመጀመሪያው እሁድ ሩቅ አትመኙ። ሜዳማ ሆኖ ሄዶ መልስ 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ ያላችሁ በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ጀምሩ፤ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን ከመኪና ነጻ ቀን፣ «መንገድ ለሰው»ን፣ ካገኛችሁ ደግሞ ለአዲስ ጀማሪ ከሱ የተሻለ የለም። ሰውነታችሁ ሲላቀቅ ወደ ምዕራብ በመናገሻ አድርጋችሁ ወደ ሆለታ ውጡ። ቢሾፍቱ ስትሄዱ ብልህ ሁኑ፤ ከተማዋ ከአዲስ አበባ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ስትሄዱ እየሳቃችሁ የወረዳችሁት ሁሉ ስትመለሱ ዳገት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ለመመለሻው ጉልበት ቆጥቡ። ወደ ሱሉልታ ሜዳ የሚያሻግረውን እንጦጦን ለጥቅምት መጨረሻ አቆዩት፤ ያኔ አብራችሁ ስትወጡት የራሳችሁን በዓል ታከብራላችሁ። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ያላችሁ ታድላችኋል! ሳይክል የዕለት ኑሮ የሆነባቸው፣ ሐይቅ አጠገብ ያሉ ሜዳማ ከተሞች ናቸውና ከደጃችሁ መጀመር ትችላላችሁ።

የትም ሂዱ የት፣ የሻይ እረፍቱን አትዝለሉ። መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ሳይክሎቹን ደርድራችሁ፣ ትኩስ ሻይ በዳቦ አዝዛችሁ፣ ላባችሁ እየደረቀ የምትስቁት ሳቅ የጉዞው ግማሽ ነው። ባለ ሻይ ቤቷ በሁለተኛው ሳምንት ታውቃችኋለች፤ በሦስተኛው «ዛሬ ያ ረጅሙ ልጅ የት ቀረ?» ብላ ትጠይቃለች። ቡድናችሁ በመንገዱ ላይ ወዳጅ ማፍራት ጀመረ ማለት ነው።

ቡድኑ እንዲዘልቅ

አዲስ ዓመት ሲገባ የምንገባው ቃል ብዙ ነው፤ የሚዘልቀው ጥቂቱ ነው። ለራስ የገቡትን ቃል ማፍረስ ቀላል ነው፤ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ መሳብ ይበቃል። ጎህ ሳይቀድ አደባባዩ ጥግ ሳይክሉን ይዞ የሚጠብቃችሁን ጓደኛ ማስቀረት ግን ከባድ ነው። የእኛ ፈቃድ ሲደክም የሱ መጠበቅ ይጎትተናል፤ የሱ ሲደክም የእኛ። ስለዚህ ልማዳችሁን በፈቃዳችሁ ላይ ብቻ አታሳርፉ፤ በወዳጅነታችሁ ላይ መሥርቱት።

ለዚህ ሦስት ነገር ወስኑ። አንደኛ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና መነሻ ቦታው አይቀያየር፤ «ዛሬ አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ እንዳይኖር ሁሉም ይወቀው። ሁለተኛ፣ ማንም ወደ ኋላ አይቀር፤ ፍጥነቱን የሚወስነው በዕለቱ የደከመው ሰው ይሁን፤ ጎማ የፈነዳበት ካለ ሁሉም ይቁም። ሦስተኛ፣ በየወሩ አንድ አዲስ ሰው ይጋበዝ፤ ሳይክል ከሌለው ከመካከላችሁ ለዕለቱ የማይነዳው ያውሰው። እነዚህን የጠበቀ ቡድን ሁለት ሰው ሆኖ ቢጀምር እንኳ እስከ ሰኔ ዝናብ ድረስ ይዘልቃል።

ፍጥነት ወቅቱ ሲገፋ ራሱ ይመጣል። እግር ይጠነክራል፣ ዳገት ያጥራል፣ ርቀት ይቀላል። የጋራው ነገር ግን አሁን በመጀመሪያው ካልተገነባ በኋላ ለመገንባት ይከብዳል። አብረን አለክልከን፣ አብረን ቆመን፣ ተራ ተቀባብለን ያለፍነው የመስከረም መንገድ ዓመቱን ሙሉ ያቆየናል። አብሮ ደካማ የነበረ ሰው ሲበረታ ጥሎ አይሄድም።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ስትጨርሱ ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው። ለሁለት ሰው ደውሉ፦ አንዱ ሳይክል የሚወድ፣ ሌላው «አልችልም» የሚል። «እሁድ 12 ሰዓት፤ ቀስ ብለን፤ እየተጫወትን» በሏቸው። ቅዳሜ ጎማውን ንፉ፣ ካቴናውን ቀቡ፣ በሶውን በጥብጡ። እሁድ ስትነሡ ከፊት ለመውጣት አትሽቀዳደሙ፤ ተራችሁ ሲደርስ ግን ነፋሱን በደስታ ተቀበሉ። መልካም አዲስ ዓመት፣ መልካም መንገድ!